የካፒቴን ጌዴዎን ዓይን

የአክስቴ ልጅ ሊንፎርድ ካፒቴን መሆን የነበረበት ሰው ነው። ዘመዴ ስለሆነ አይደለም ይህን የምለው። እኛ መንደር፣ ዊንድዋርድ ውስጥ፣ ስለ መርከብ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህንኑ ይላል። ግን ቀስ ብሎ ነው የሚለው፤ ካፒቴን ጌዴዎን በአቅራቢያ ካሉ ደግሞ ጭራሽ አይለውም።

ካፒቴን ጌዴዎን ኤሜሊን የምትባለውን ባለ ሁለት ምሰሶ የጭነት መርከብ በገዛ እጃቸው የሠሩ ሰው ናቸው። እንጨቷን ከጫካ መርጠው ቆርጠው፣ እዚሁ ባህር ዳር ላይ አቁመው፣ ሳንቃ በሳንቃ ሲያለብሷት መንደሩ እያያት ነው ያደገችው። ውሃ የወረደች ዕለት በግና ዶሮ ታርዶ ደሙ ተረጨባት፣ ካህኑም ባረኳት፣ ሰዉም ሮሙን፣ ያንን የሸንኮራ አረቄ፣ እየጠጣ ገፋት። ከእኛ ደሴት ከካሪያኩ ፍየልና በሬ፣ ሎሚና አተር ጭና ወደ ትሪኒዳድ ትወርዳለች፤ ስትመለስ ሲሚንቶ፣ ዱቄት፣ ቆርቆሮና ላምባ ታመጣለች። ሞተር የላትም። ካፒቴኑ ሞተርን «የሰነፍ ነፋስ» ይሉት ነበር።

የሊንፎርድን አባት ባህር የወሰደው ካፒቴኑ ቀድሞ በነበራቸው ጀልባ ላይ ሲሠራ ነው። ሊንፎርድ ያኔ ገና ድክ ድክ ይል ነበር። ካፒቴኑና ባለቤታቸው ዘፍሪን ልጅ ስላልነበራቸው ወስደው አሳደጉት። ከእነሱ ማዕድ በልቶ አደገ፤ ክንዱ ሲጠነክር እዚያችው መርከብ ላይ ወጣ። መጀመሪያ ወጥ ሠሪ፣ ከዚያ መርከበኛ፣ ከዚያም የካፒቴኑ ምክትል ሆነ። ምክትል ከሆነ በኋላ ግን እዚያው ቀረ።

«እኔ ሲደክመኝ ይቺ መርከብ ያንተ ናት» ይሉት ነበር። ችግሩ አይደክማቸውም። እኔ መርከበኛ ሆኜ ኤሜሊን ላይ ስገባ ይህንን ቃል ሰምቻለሁ፤ ጢሜ ሸብቶም ያንኑ ቃል እሰማ ነበር። ሰውዬው ሳይደክሙ ዓይናቸው ቀድሞ ደከመ።

መጀመሪያ ያወቅነው ፖርት ኦፍ ስፔን ወደብ ስንገባ ነው። ካፒቴኑ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ያቺ አዲስ መርከብ የማን ናት? ሰፋ ያለች ናት፤ ቀለሟም ያምራል» አሉ።

እጃቸው የሚያመለክተው የስኳር መጋዘን ነበር።

ዳርሲ የሚባል ሽማግሌ ወጥ ሠሪ ነበረን፤ በቀልድ ሳይነካው የሚያልፍ ነገር የለም። እሱ አፉን ሊከፍት ሲል ሊንፎርድ በክርኑ ጎሸም አደረገው።

«የሆላንዶች ናት መሰለኝ፣ ካፒቴን» አለ ሊንፎርድ።

«ታስታውቃለች። ሆላንድ ከባድ መርከብ ነው የሚሠራው» አሉ ካፒቴኑ ደስ ብሏቸው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ እየባሰ ሄደ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ፔቲት ማርቲኒክ ደሴት ላይ ክላውዲየስ የሚባል ባለሀብት አዲስ መርከብ እያሠራ ነበርና ሊንፎርድን አስጠራው። «መርከቧ ልትወርድ ነው፤ ካፒቴኗ አንተ ነህ» አለው። ሊንፎርድ ከዚያ ሲመለስ መንገድ ላይ አገኘሁት። ብቻውን ይስቅ ነበር። ያንን ሰው ብቻውን ሲስቅ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ለካፒቴኑ ከመንገሩ በፊት ላሳደጉት ሴት ልንገር ብሎ ወደ ዘፍሪን ሄደ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አተር ይፈለፍሉ ነበር።

«አክስቴ፣ ክላውዲየስ መርከብ ሰጠኝ።»

የዘፍሪን እጅ ቆመ። «እግዚአብሔር ይመስገን። እንኳን ደስ ያለህ፣ ልጄ» አሉ። ወዲያው ግን እንባቸው መጣ።

«ምነው አክስቴ?»

«አንተ ከወረድክ እሱ ብቻውን ይወጣል። ታውቀው የለም? ይቀራል ብለህ ታስባለህ? ይወጣል። ወጥቶም አይመለስም።»

«ታዲያ ይንገሯቸው። ሚስታቸው አይደሉም እንዴ? ዓይንህ ደክሟል ይበሏቸው።»

«ነገርኩት እኮ። የፋኖሱ ላምባ ውሃ ገብቶበታል አለኝ።»

«እውነት ውሃ ገብቶበት ይሆናላ።»

«በእኩለ ቀን ነው የነገርኩት፣ ሊንፎርድ» አሉ ዘፍሪን።

ሁለቱም ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ዘፍሪን እጁን ያዙትና ለአንድ ዓመት ብቻ እንዲቆይ ለመኑት። ዓይን ሁንለት፣ አሉት፤ ሰው አይወቅበት፣ እሱም አንተ እንደምታውቅ አይወቅ። ሊንፎርድ ምን ይበል? ያጎረሰችው እጅ ናት። ለክላውዲየስ አልችልም ብሎ ላከበት። ክላውዲየስም መርከቧን ለሌላ ሰው ሰጠ። ዓመቱ አለፈ፤ ቀጥሎ የመጣውም አለፈ።

ይህን ሁሉ ካፒቴኑ አያውቁም። እሳቸው የሰሙት ሊንፎርድ መርከብ ተሰጥቶት እንቢ ማለቱን ብቻ ነው። አንድ ቅዳሜ ሮም ቤት ውስጥ፣ ሰው ሞልቶ፣ ሊንፎርድም እዚያው ብርጭቆውን ይዞ ቆሞ ሳለ እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፦ «ካፒቴንነት ሲሰጡት ፈርቶ መለሰው እኮ። አልፈርድበትም። ምክትል ሆኖ የተፈጠረ ሰው አለ።»

ቤቱ ሳቀ። ሊንፎርድም አብሮ ሳቀ፤ ሆድ እያረረ ጥርስ ይስቃል እንደሚባለው ነው። ውጭ ስንወጣ ጆሮ ግንዱ ላይ ደም ሥሩ ተገትሮ ነበር።

«ለምን አትነግራቸውም?» አልኩት።

«ምን ብዬ? ዕውር ስለሆኑ ነው የቀረሁት ልበል?»

ባርኔጣውን ደፍቶ ወደ ቤቱ አዘገመ።

እንግዲህ መርከቧ የምትሄደው እንዲህ ነበር። ካፒቴኑ ከኋላ መሪውን ይይዛሉ። ሊንፎርድ ከፊት፣ መርከቧ አፍንጫ ላይ ይቆምና ከእኛ ጋር የሚያወራ መስሎ ጮክ ብሎ ያወራል። «ያቺ የኤድጋር ጀልባ ዛሬም በግራችን ተኝታለች አይደል? ሰነፍ ናት፣ ገና አልተነሳችም» ይላል። ካፒቴኑ ሰምተው ትንሽ ወደ ቀኝ ያዞራሉ። «በቀኝ በኩል ውሃው ነጣ፤ እዚህ ዓሣ ሳይኖር አይቀርም» ይላል፤ ካፒቴኑ ወደ ግራ ይመልሳሉ። የቀረውን ነፋሱን በማጅራታቸው፣ ማዕበሉን በእግራቸው ይሰሙታል። እውነቱን ልናገር፣ በዚህ በኩል እንደሳቸው ያለ ሰው አላየሁም። ወደብ ገብተን መልሕቅ ስንጥል ግን የሚሉት አይለወጥም፦ «ይሄ ሊንፎርድ ሲለፈልፍ ነው የሚውለው። ሥራ ላይ አፍ አያስፈልግም።»

በመጨረሻ ነገሩ የፈነዳው ከትሪኒዳድ ስንመለስ ነው። ሆዷን ሲሚንቶ ሞልተን፣ ላይዋን ቆርቆሮ ጭነን ነበር። ተሳፋሪም ነበረን። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ኡልሪካ የምትባል የመንደራችን ልጅ ናት፤ ፖርት ኦፍ ስፔን ልብስ ሰፊ ሆና ነው የምትኖረው። ለሟች እናቷ የመቃብር ድንጋይ አሠርታ ይዛለች። እኛ ዘንድ ድንጋይ ማቆም ከቀብሩ ይበልጣል፤ ስንት ዓመት ተዘጋጅቶ ነው የሚደገሰው። ድግሱ ለእሁድ ተቆርጧል፣ በጉ ተገዝቷል፣ ከበሮ መቺዎቹ ተጠርተዋል። የቀረው ድንጋዩ ብቻ ነው፤ እሱም በሳር ተጠቅልሎ እኛ መርከብ ላይ ከምሰሶው ሥር ተኝቷል።

ከግሬናዳ ተራሮች ጥግ ስንደርስ ነፋሱ ጥሎን ሄደ። ሸራው ተንጠለጠለ። ባህሩ ግን አይተኛም፤ መርከቧን ከወዲያ ወዲህ ሲያወዛውዛት የሸራው ግንድ እየተንገጫገጨ ይማታል፣ ገመዱ ይጮሃል፣ ቆርቆሮው ይንኳኳል። ያንን ድምፅ ቀኑን ሙሉ የሰማ ሰው የገዛ ወንድሙን መምታት ያምረዋል። ነፋስ አጥተን ቆምን ብንል ደግሞ መቆሙም የለም፤ የባህሩ ጅረት ወደ ምዕራብ እየጎተተ ከመንገዳችን ያወጣናል። ጠዋት ያየነውን ተራራ በማግስቱ ጠዋት ራቅ ብሎ እናየዋለን።

ዳርሲ የቀረውን ደረቅ ዓሣና የበቆሎ ገንፎ እያቀረበ፣ «ብሉ፣ ነገም ይሄው ነው። ከነገ ወዲያ ግን አይቀየርም» ይላል።

ከቀትር በኋላ አንድ ባለ ሞተር መርከብ በአጠገባችን አለፈ። ፍጥነቱን ቀንሶ የዚያኛው ካፒቴን ብቅ አለ። «ሽማግሌው፣ ልጎትታችሁ? ገመድ ልወርውርላችሁ?»

ካፒቴን ጌዴዎን ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ «ገመድስ ሞልቶናል። ነፋስ ካለህ ወርውር» አሉት።

ሰውዬው ስቆ ሄደ። እኛ ግን አልሳቅንም። ሊንፎርድ ባርኔጣውን አውልቆ ወለሉ ላይ ፈጠፈጠው፤ መልሶ አንስቶ አደረገው። ኡልሪካ ግን መታገሥ አልቻለችም።

«ካፒቴን፣ ምን ማለትዎ ነው? እናቴ ስንት ዓመት ሙሉ ያለ ድንጋይ ተኝታ አሁን ደርሶላት፣ እርስዎ በኩራትዎ ሊያስቀሩብኝ ነው?»

«እናትሽን አውቃታለሁ» አሉ ካፒቴኑ። «በጣም ታጋሽ ሴት ነበረች። አንቺ ግን እሷን አልወጣሽም።»

«እናቴ ሞታለች። የሞተ ሰው ሁሉ ታጋሽ ነው!»

በንጋታው ኡልሪካ ለእርቅ ብላ የካካዎ ሻይ ቀድታ አመጣችላቸው። ካፒቴኑ እጃቸውን ሲዘረጉ ጽዋውን አልፈው አየሩን ጨበጡ። ቆም አለች። እጇን ፊታቸው ላይ ወዲያና ወዲህ አደረገችው። እሳቸው ባህሩን እንደሚያይ ሰው ፊታቸውን አቅንተው ጽዋውን ይጠብቃሉ። ሊንፎርድ ከሩቅ አይቶ ሮጠና ክንዷን ይዞ ወደ ፊት ወሰዳት፤ እኔ እዚያው ገመድ እቋጥር ነበር።

«ምንም አላየሽም» አላት።

«እኔማ አየሁ። የማያዩትስ እሳቸው ናቸው።»

«ኡልሪካ፣ በእናትሽ ድንጋይ ይዤሻለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው? ማነው ታዲያ መርከቡን የሚነዳው?» አለችና ፊቱን አየችው። ፊቱ መለሰላት መሰለኝ። «አንተ የተረገምክ» ብላ ብቻ ተቀመጠች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነፋስ መጣ። ሲመጣም ሙሉውን መጣ። ኤሜሊን ጎኗን አጋድማ ወደ ሰሜን ሮጠች፤ ሁላችንም ያንን ሁሉ መከራ ረሳነው። ከግሬናዳ ወዲህ ግን ባህሩ ክፉ ነው። ሞገዱ ከሁለት በኩል ይመጣል፤ «እህትማማቾቹ» የምንላቸው አለቶችም ከመካከል ተገትረዋል። ጅረቱ ወደ ምዕራብ ስላወጣን አለቶቹ ልክ በፊታችን ሆኑ። ደህናው መንገድ ወደ ግራ ጎንበስ ብሎ በሩቁ ዞሮ ማለፍ ነው። ያን ጊዜ ግን ነፋሱን መልሶ ለመቃወም ሌላ ቀን ያልቃል። ካፒቴኑ አለቶቹን በግራ፣ ትንሿን ደሴት በቀኝ ትተን በመካከል እናልፋለን አሉ።

ሊንፎርድ ወደ ኋላ መጥቶ፣ «ካፒቴን፣ ዛሬ ጅረቱ ብርቱ ነው። ይገፋናል» አለ።

«የዛሬ ጅረት ነው እንዴ እኔን የሚያስተምረኝ? ቦታህ ሂድ።»

ሄደ። ጀምበር እያዘቀዘቀች ነበር። ከፊት ቆሞ እንደ ልማዱ ወሬውን ጀመረ፦ «እህትማማቾቹ ዛሬ ቀረብ ብለዋል እኮ... በግራ በኩል ነጭ ለብሰዋል...» ነፋሱ ግን ቃሉን ከአፉ እየቀማ ይወስዳል። እኔ የሸራውን ገመድ ይዤ መካከል ላይ ነበርኩ፤ እኔ እንኳ ግማሹን አልሰማሁትም። ድምፁን ከፍ አደረገ። አሁንም አልተሰማም። መርከቧ ፊቷን ወደ ቀኝ አድርጋ ትሄዳለች፣ ጅረቱ ግን ወደ ግራ በጎኗ ይጎትታታል። አለቱ ላይ የሚፈነዳው ውሃ ልክ በፊታችን ጭስ መስሎ ታየኝ፤ ማምለጫው ከነፋሱ ጋር ወደ ግራ ማለፍ ብቻ ነበር።

ያኔ ሊንፎርድ ወሬውን ተወ። «ወደ ግራ! ካፒቴን፣ አለት ነው! ወደ ግራ ይጣሏት!»

ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ብድግ አሉ። ካፒቴኑ ሰሙ፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ፊታቸው ተቆጣ፣ አገጫቸው ከፍ አለ። «አየሁት!» ብለው መለሱና መሪውን ባለበት አጥብቀው ያዙ።

ሊንፎርድ በቆርቆሮው ላይ፣ በሰው ላይ እየተረማመደ ወደ ኋላ ሮጠ። ሲደርስ፣ «አታይም! አንተ ሰውዬ፣ አታይም እኮ!» ብሎ ጮኸና የመሪውን እጀታ ከእጃቸው መነጨቀ። ካፒቴኑ ወደ ጎን ወደቁ። መርከቧ ወደ ግራ ተጣለች። ከታች፣ ከሆዷ በኩል፣ አንድ ከባድ ነገር መታን፤ ጥርሴ እርስ በርሱ ተጋጨ። ከዚያ አለፍን። አለቱ በቀኛችን፣ ድንጋይ ብወረውር በሚደርስበት ርቀት ቀረ።

ውሃ መግባት ጀመረ። ሊንፎርድ መሪውን እንደያዘ፣ እኛ እየተፈራረቅን በፓምፕ ስንቀዳ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የደሴታችን ወደብ ሂልስቦሮ ገባን። ካፒቴኑ በዚያ ሁሉ መንገድ ከወደቁበት ጥግ አልተነሱም። ድንጋዩ ደኅና ነበር። ከሆዷ ታች የነበረው ሲሚንቶ ግን ረጥቦ ነበር።

ወደብ ላይ ሰው ከበበን። ካፒቴኑ ከመርከቧ ወርደው የዘፍሪንን ክንድ እንደያዙ መጀመሪያ የተናገሩት ይህን ነው፦ «ልቤን ጥዬበት ያሳደግሁት ልጅ ደንግጦ መሪውን ነጠቀኝ። ባይነካው ኖሮ እንደ ሁልጊዜው በመካከል አልፌ ነበር። መርከቤን አስመታብኝ።» ወደ ሊንፎርድ ድምፅ ዞረውም፣ «ከዛሬ ወዲያ እግርህ መርከቤን እንዳይረግጥ» አሉት።

እንግዲህ ማን ያረጋግጣል? ባይዞር ምን ይሆን እንደነበር ያየ የለም፤ የታየው ዞሮ መምታቱ ነው። እኔ ያየሁትን ተናገርኩ፤ አንተ የአክስቱ ልጅ ነህ አሉኝ። ዳርሲ ተናገረ፤ አንተ መቼ ቁም ነገር ታወራለህ አሉት። መንደሩን ያንገበገበው ደግሞ አለቱ አልነበረም። «አንተ» ማለቱ ነው። ያሳደጉትን ሰው፣ በሕዝብ ፊት፣ «አንተ ሰውዬ፣ አታይም» አለ፤ ዋናው ወሬ ይህ ሆነ። ካፒቴኑ ማየት እንደተሳናቸው የማያውቅ ሰው በመንደሩ አልነበረም። ሁሉም ያውቃል። ለዚህም ነው ጮኾ መናገር ያልተፈቀደለት።

እሁድ ድንጋዩ ቆመ። ነጭ አንሶላ ለብሶ፣ ከበሮ እየተመታለት ወደ መቃብሩ ሄደ። እንደ ደንቡ ሮሙንና ውሃውን በመሬት ላይ የሚያፈስሰው ከተገኙት በዕድሜ የሚበልጠው ነውና ካፒቴን ጌዴዎን አፈሰሱ። ሊንፎርድ ከአጥሩ ጥግ ብቻውን ቆሞ ነበር። ምግቡ ሲቀርብ አንድ ሽማግሌ ኡልሪካን፣ «አንቺ እዚያው ነበርሽ፤ የማንም ወገን አይደለሽም። እስቲ ንገሪን፣ ጥፋቱ የማን ነው?» አሏት።

ኡልሪካ ካፒቴኑን አየች፤ የእናቷን ድንጋይ የባረኩት ገና አሁን ነው። ከዚያ ሊንፎርድን አየች።

«እየመሸ ነበር፣ ሁሉም ይጮህ ነበር» አለች። «እኔ ድንጋዩን አቅፌ ነበር። አላየሁም።»

ሊንፎርድ ሳህኑን አጥሩ ላይ አስቀምጦ ሄደ። በኋላ ቤቱ ሄድኩ። አልጋው ላይ ጫማውን እንዳደረገ ተጋድሞ ጣሪያውን ያያል።

«አላየሁም አለች እኮ» አለኝ። «ተመልከት፣ እዚህ አገር የሚያይ ሰው የለም። እኔ ብቻ ነኝ የማየው። ምን በወጣኝ!»

ካፒቴኑ ሌላ ምክትል ፈለጉ። አንዱ ጀርባውን ታመመ፣ ሌላው እርሻ ይዞኛል አለ፣ ሦስተኛው ሲጠሩት በጓሮ ወጣ። በሮም ቤት ከካፒቴኑ ጋር የሚወግኑት ሁሉ ከእሳቸው ጋር ለመሳፈር ሲጠየቁ የሉም። በዚህ መካከል ኤሜሊን ታይረል ቤይ ወደሚባለው ዳርቻ ተወስዳ አሸዋው ላይ በጎኗ ተጋድማ፣ የረጠበው ሲሚንቶ ከሆዷ ታች ከጎድን እንጨቶቿ ጋር ተያይዞ ደነደነ። ሳንቃዋን ለመጠገን መጀመሪያ ያንን ሲሚንቶ በመሮና በመዶሻ ፈልጦ ማውጣት ያስፈልጋል። ማንም እሺ አላለም።

ዘፍሪን ናቸው ወደ ሊንፎርድ የመጡት።

«እሳቸው ላኩዎት?» አላቸው።

«እሱማ አያውቅም። ሊንፎርድ፣ በእኔ ላይ ቂም እንዳለህ አውቃለሁ። ያኔ መርከቡን ውሰድ ብልህ ኖሮ...»

«ይተዉት አክስቴ።»

«መርከቧ ግን ምን አደረገችህ?»

በንጋታው መዶሻ ይዞ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ጎንበስ ብለን፣ በዚያ ሙቀት፣ አቧራው አፍንጫችንን እየደፈነው ሲሚንቶውን ስንፈልጥ ሳምንታት አለፉ። ከመሮው ላይ የሚፈናጠረው ፊትህን ይቆርጣል፤ ቀኑን ሙሉ ውለህ የምታወጣው አንዲት ዘንቢል ነው። አንድ ቀን ላይ በላያችን የእግር ኮቴ ሰማን። ካፒቴኑ በከዘራቸው እየዳሰሱ መጥተው ከላይ ተቀመጡ። በማግስቱም መጡ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ መጡ። ሊንፎርድ ይመታል፣ እሳቸው ይሰማሉ።

አንድ ከሰዓት ላይ ድንገት ከላይ፣ «ቀስ በል! ከዚያ ሥር የጎድን እንጨት አለ» አሉ።

ሊንፎርድ መዶሻውን አቆመ። «ይታየኛል» አለ።

ይነሱና ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልሄዱም። ሊንፎርድ መዶሻውን መልሶ አነሳ።

ሳንቃው ተለወጠ፣ ስንጥቁ ተደፈነ፣ ኤሜሊን ውሃ ላይ ቆመች። ይቅርታ ይጠይቁት ይሆን፣ ወይስ ይባርኩት ይሆን እያልን እኔና ዳርሲ እንጠብቅ ነበር። ካፒቴኑ አንድ ጠዋት መጥተው አየሩን አሸተቱና፣ «ማክሰኞ ነፋሱ ደህና ይሆናል። ሎሚው ይጫን» አሉ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ሊንፎርድ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ፊት ለፊታቸው ቆመ። «እኔ የምሄደው መሪውን የያዝኩ እንደሆነ ነው።»

«ማን ከለከለህ?» አሉ ካፒቴኑ።

ያን ሁሉ ዓመት ቃል ያጠራቀመው ሊንፎርድ «ማን ከለከለህ» ለሚል ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? ዞሮ የሎሚውን ጆንያ ትከሻው ላይ አደረገ።

እንዲህ ሆኖ ሊንፎርድ መሪ ያዘ። ካፒቴን ጌዴዎን ግን ቤታቸው አልቀሩም። በየጉዞው ይመጣሉ፤ ከኋላው አንዲት ሣጥን ላይ ተቀምጠው ነፋሱን በማጅራታቸው እየሰሙ ይናገራሉ። «ቀድመህ ዞርክ።» «ሸራው ላላ።» «እኔ ብሆን ይሄኔ ደርሻለሁ።» ክፋቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ልክ ናቸው። ሊንፎርድ ጥርሱን ነክሶ ያስተካክላል። አሁን ከፊት ቆሜ የማየው እኔ ነኝ፤ ያየሁትንም በግልጽ እጮሃለሁ፣ ወሬ አላስመስልም።

ባለፈው ፖርት ኦፍ ስፔን ስንገባ ሊንፎርድ በዚያ ጠባብ ቦታ፣ በሁለት ትልልቅ መርከቦች መካከል፣ ኤሜሊንን ወስዶ መልሕቅ ሳይጥል እንደ ላባ ጥግ ላይ አሳረፋት። እንዲህ ያለ ሥራ በየቀኑ አይታይም። ገመዳችንን የተቀበለው የወደብ ሠራተኛ አዲስ ሰው ነበር፤ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ «ቆንጆ አገባብ ነው። ካፒቴኑ ማን ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አሉ ካፒቴን ጌዴዎን ከሣጥናቸው ላይ።

ሰውዬው እጁን አንስቶ ሰላምታ ሰጣቸው። እሳቸው አላዩትም።

ሊንፎርድን አየሁት። መሪውን አስሮ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ በአጠገባቸው አልፎ መጣ።

«አሁንስ ለምን ዝም አልክ?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«የዕቃ ጓዳውን ክፈተው» አለኝ። «ሎሚው በሙቀት ሊበላሽ ነው።»